ክፍሉም ያስተምራል
(ስለ ሕንፃ አሠራርና ስለ አካባቢ አያያዝ የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

«ውሃ አታባክኑ!» «መብራት አጥፉ!» «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው!» እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች ሳያነብ ያደገ ተማሪ የለም። ጽሑፉ በደማቅ ቀለም ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ከጽሑፉ ሥር ግን ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ አምፖሉ በቀትር ይበራል፤ ፌስታሉና ወረቀቱ ግቢው ውስጥ ይንከራተታል። ታዲያ መምህሩ ምን ይላል? «የዛሬ ልጆች ግዴለሾች ናቸው፤ ቢመከሩም አይሰሙ» ይላል። ነገሩም በዚያው ያልቃል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህንኑ ፍርድ የሚመለከት ነው። ልጁ ግዴለሽ ስለሆነ ነው ውሃው የሚፈሰው? ወይስ ቧንቧው፣ ክፍሉና ግቢው በጥንቃቄ ለመኖር የሚፈልገውን ልጅ እንኳ ግዴለሽ እንዲመስል አድርገው ስለተሠሩ? ጥያቄው ለመሐንዲስ ብቻ የሚቀርብ እንዳይመስላችሁ። ነገ ሥልጠናችንን ጨርሰን ክፍል ስንረከብ ስለ ልጆች ጠባይ የምንፈርደው እኛ ነን። አንዱን «ጨዋ»፣ ሌላውን «አጥፊ» ብለን በሪፖርት ካርድ ላይ የምንጽፈው እኛው ነን። ጥፋቱ የልጁ ይሁን የብረቱ ሳይለይ የሚሰጥ ቅጣት ደግሞ ልጁን ከማስቀየም በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም።

እንስራና ቧንቧ

ከምናውቀው እንነሣ። አንዲት ልጅ ከምንጭ በእንስራ ውሃ ቀድታ መጣች እንበል። ልትጠጣ ስትፈልግ እንስራውን ዘንበል አድርጋ በጣሳ ትቀዳለች፤ ቀና ስታደርገው መፍሰሱ ይቆማል። ውሃውን ለማቆም ምንም ተጨማሪ ሥራ አያስፈልጋትም። እንዲያውም ለማፍሰስ ነው ጉልበት የሚጠይቃት። ይህችው ልጅ ትምህርት ቤት ትመጣና ቧንቧ ትከፍታለች። አሁን ነገሩ ተገለበጠ፤ ውሃው በራሱ ይፈሳል፤ ለማቆም ግን አስታውሶ፣ እጅን ዘርግቶ፣ አጥብቆ መዝጋት ያስፈልጋል። በእንስራው ዘንድ ብትረሳ ውሃው ይቆማል፤ በቧንቧው ዘንድ ብትረሳ ውሃው ይሄዳል። ልጅቷ ያው ናት። ጠባይዋም በመንገድ ላይ አልተለወጠም። የተለወጠው የመርሳት ዋጋ ነው።

ስለ ሕንፃ አሠራርና ስለ ሰው ጠባይ ከሚባለው ነገር ሁሉ እኛ ትልቁን ቁም ነገር የምናየው እዚህ ላይ ነው። ሰው ይረሳል፣ ይቸኩላል፣ ይደክመዋል። ደወል ተደውሎ 60 ተማሪ ወደ ክፍል ሲሮጥ ደግሞ መርሳቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ስናይ መጠየቅ ያለብን «ሰው ቢረሳው ምን ይሆናል?» ብለን ነው። ቢረሳ ምንም የማይጠፋበት ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው። ቢረሳ ሌሊቱን ሙሉ የሚያፈስ ዕቃ ደግሞ፣ ከላዩ አሥር ማስጠንቀቂያ ቢለጠፍበትም፣ መጥፎ ዕቃ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። ተማሪው በረፍት ሰዓት ቧንቧውን ይከፍታል፤ ውሃ የለም፤ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ወደ ግራ ያዞራል፣ አሁንም የለም። ከዚያ ትቶት ይሄዳል። በየትኛው በኩል እንደተወው እሱም አያውቅም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሃ ይመጣል። ጠዋት ግቢው ረግረግ ሆኖ ይገኛል፤ በሰልፍ ላይም «ማን ነው የከፈተው?» ይባላል። ማንም አልከፈተውም እኮ! ባዶ ቧንቧ የከፈተና ባዶ ቧንቧ የዘጋ ሰው በዓይን አይለዩም። ይህን ለማስተካከል ልጆቹን ከመሰብሰብ ይልቅ ከዋናው መስመር ላይ አንድ መዝጊያ አድርጎ ማታ ማታ ጥበቃው እንዲዘጋው ማድረግ ይቀላል። አቅም ካለም ሲጫኑት የሚፈስ፣ ሲለቁት የሚዘጋ ቧንቧ አለ፤ እሱን መግጠም ነው።

አቅም ከሌለስ? እዚህ ላይ በዚምባብዌ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሠርቶ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋ፣ በእኛም አገር በገጠር ትምህርት ቤቶችና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ቀላል መሣሪያ አለ። ሁለት ባላ እንጨት ይተከላል፤ በላያቸው አግዳሚ ይደረጋል፤ በአግዳሚው ላይ ትንሽ ጀሪካን ይንጠለጠላል። ከጀሪካኑ አንገት ላይ ገመድ ታስሮ ወደ ታች ይወርድና በእግር ከሚረገጥ እንጨት ጋር ይያያዛል። ተማሪው እንጨቱን ሲረግጥ ጀሪካኑ ዘንበል ይላል፤ በጎኑ ካለችው ቀዳዳ ውሃ ይወርዳል። እግሩን ሲያነሣ ጀሪካኑ በራሱ ይመለሳል። የእንስራው ሕግ ተመለሰ ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሽንት ቤት የወጣ እጅ ምንም ነገር አይነካም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት፤ ለክፍል ውስጥም ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል። በሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር ባለ ግማሽ ሊትር ዕቃ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞላ እንበል። በ24 ሰዓት 12 ሊትር ነው። በ30 ቀን 360 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 18 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። የአንዲት ቧንቧ ጠብታ ናት እንግዲህ። መንስዔው ብዙውን ጊዜ በውስጧ ያለችው ትንሽ ጎማ ማለቋ ነው። ጎማዋ ስታልቅ ቧንቧውን ለመዝጋት ጉልበት ይጠይቃል፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ያን ጉልበት ከየት ያመጣል? አንዳንዱ ጋ ቧንቧው ለአዋቂ ቁመት የተሠራ በመሆኑ ልጁ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ ነው የሚደርስበት። እንደዚያ ተንጠራርቶ አጥብቆ መዝጋት ደግሞ አይታሰብም።

በር የሌለው ሽንት ቤት

ስለ ሽንት ቤት በግድግዳ ጋዜጣ መጻፍ የሚያስቀው ሰው ካለ ይሳቅ። ከትምህርት ቤት ሕንፃዎች ሁሉ የልጆችን ጤንነትና የአካባቢውን ንጽሕና በይበልጥ የሚወስነው እሱ ነው። የሚሸት ሽንት ቤት ያለበት ግቢ ውስጥ ልጆች ከጓሮ ይጠቀማሉ። ከጓሮ የወጣው በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። በዚህ ጊዜም ስብከት እንጂ ምርመራ አናደርግም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ብሌር በሚባለው የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ፒተር ሞርጋን ይህን ችግር በሳይንስ መንገድ መረመረው። ውሃ የማይፈልግ፣ የማይሸት፣ ዝንብ የማያራባ የጉድጓድ ሽንት ቤት ማግኘት ነበር ዓላማው። ያገኘው መልስ ሦስት ነገሮችን ያቀፈ ነው፤ ከጉድጓዱ ተነሥቶ ከጣራው በላይ የሚወጣ ሰፊ ቧንቧ፣ በቧንቧው አናት ላይ የሚታሰር ወንፊት፣ እና ጨለም ያለ ቤት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቧንቧው አናት ላይ ነፋስ ሲያልፍ ከውስጥ ያለውን አየር ወደ ላይ ይስበዋል። የተሳበው አየር ቦታ እንዲሞላ ከቤቱ ውስጥ ንጹሕ አየር በመቀመጫው ቀዳዳ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ስለዚህ ሽታው በቤቱ ውስጥ ሳይሆን በቧንቧው አድርጎ ሰማይ ላይ ይወጣል። ዝንብ ደግሞ ሽታ ተከትላ ነው የምትመጣው። ሽታው ያለው ከቧንቧው አናት ላይ በመሆኑ ወደዚያ ትሄድና ወንፊቱ ይከለክላታል። በጉድጓዱ ውስጥ የተፈለፈለችውስ? ዝንብ ወደ ብርሃን ትበራለች። ቤቱ ጨለማ ከሆነ ከታች የሚታያት ብርሃን የቧንቧው አናት ብቻ ነው። ወደዚያ ትወጣለች፤ ወንፊቱ ላይ ትደርሳለች፤ እዚያው ትሞታለች። ቀዳዳውን ለንጽሕና ብሎ በክዳን የሚከድን ሰው በዚህ ዓይነቱ ሽንት ቤት አየሩ እንዳይወርድ እያገደው ነው። መልካም አሳብ ነው፤ ሥራውን ግን ያበላሻል።

ከዚህ ላይ ነው እኛን የሚመለከተው ጉዳይ የሚመጣው። መላው አሠራር የቆመው በቤቱ ጨለማነት ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ ከተተወ ብርሃን ይገባል፤ ዝንቦቹ በቧንቧው ፋንታ በመቀመጫው ቀዳዳ ይወጣሉ፤ ጥበቡ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በሩን ደግሞ ሰው ክፍት አድርጎ መተዉ የማይቀር ነው። «በሩን ዝጉ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ይቻል ነበር። ያን አላደረጉም፤ ቤቱን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ጠምዝዘው፣ በር የሌለው አድርገው ሠሩት። የገባው ሰው በግድግዳው መታጠፊያ ይሰወራል፤ ብርሃኑ ታጥፎ ስለማይገባ ውስጡ እንደጨለመ ይቆያል። የማይዘጋ በር አያስቸግርም፤ በሩ የለማ! እ.ኤ.አ. በ1980 አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ይህ ሽንት ቤት በገጠሩ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ብዛት ተሠርቷል። ሞርጋንም እ.ኤ.አ. በ2013 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት ተሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በር የሌለው ሽንት ቤት ለአንድ ቤተሰብ የሚመች ቢሆንም ለትምህርት ቤት ሲሆን ጥያቄ አለበት። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ፣ በተለይ በወር አበባዋ ጊዜ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ትፈልጋለች። ያን ካላገኘች ከቤት ትቀራለች፤ በወር ሦስት አራት ቀን መቅረት ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የሚያመጣውን ውጤት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ለሴቶች በኩል በራሱ የሚመለስ በር፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ አጠገቡም ውሃ መኖር አለበት። በራሱ የሚመለሰውን በር ለመሥራት ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ማጠፊያውን ትንሽ አዘንብሎ መምታት ወይም ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ማሰር ይበቃል። አሳቡ ያው ነው፤ ቢረሳም ይዘጋ!

ስለ ብርሃን

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። ቀትር ነው፤ ውጭው ብርሃን ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ግን 6 ሸምበቆ አምፖል ይበራል። ለምን?

በእንግሊዝ አገር ሃንት የተባለ ተመራማሪ በቢሮዎችና በመማሪያ ክፍሎች ሰዎች መብራት እንዴት እንደሚያበሩ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። ያገኘው ነገር ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ይናገራል። ሰው መብራት ማብራትን የሚወስነው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ነው። ሲገባ ከጨለመበት ያበራል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብትወጣም፣ ክፍሉ በብርሃን ቢሞላም፣ ሁሉም እስኪወጣ ድረስ መልሶ የሚያጠፋ ሰው ከስንት አንድ ነው። የእኛን አገር ትምህርት ቤት አስቡት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ክረምት በሆነ ቀን፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት «ሰሌዳው አይታየንም» ይላሉ፤ መብራት ይበራል፤ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይበራል።

በዚህ ላይ የማብሪያ ማጥፊያው አሠራር ይጨመርበታል። በብዙ ክፍሎች አንዲት ማብሪያ ሁሉንም አምፖል ታበራለች። የጨለመው በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ያለው ረድፍ ብቻ ነው፤ ለእሱ ሲባል በመስኮቱ ሥር ያሉትም አብረው ይበራሉ። ሌላ ምርጫ የለማ! ኤሌክትሪከኛው ሽቦውን ሲዘረጋ የመስኮቱን ረድፍ በአንድ ማብሪያ፣ የግድግዳውን ረድፍ በሌላ ማብሪያ ቢያደርገው ኖሮ ወጪው ጥቂት ሜትር ሽቦና አንዲት ማብሪያ ነበር። አምፖሎቹ እያንዳንዳቸው ባለ 36 ዋት ናቸው ብንል፣ 3ቱ ለ4 ሰዓት ሳይበሩ ቢውሉ 432 ዋት-ሰዓት ይቆጠባል። 10 ክፍል ባለው ትምህርት ቤት በቀን 4.3 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ላይ የማብሪያው ቦታ አለ። ከበሩ ኋላ የተሸጎጠች ማብሪያ ስትወጡ አትታይም። በበሩ መውጫ በኩል፣ በልጅ ቁመት ልክ ስትሆን ግን የመጨረሻው ወጪ እጅ በራሱ ያርፍባታል።

ዋናው መድኃኒት ግን ክፍሉ መጀመሪያውኑ እንዳይጨልም ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይዋ ቀትር ላይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም፤ ጠዋትና ማታ ግን ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ ትመጣለች። መስኮቶቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ በተሠሩለት ክፍል ውስጥ ፀሐይዋ በቀጥታ በልጆቹ ዓይን ላይ ትወድቃለች። እነሱም መስኮቱን ይዘጋሉ፤ ካርቶን ይለጥፉበታል፤ ከዚያ ክፍሉ ይጨልማል፤ ከዚያ መብራት ይበራል። ሰንሰለቱን አያችሁት? መብራቱን ያበራው የሕንፃው አቀማመጥ ነው። ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ ጣራውም ወደ ውጭ ወጣ ብሎ መስኮቱን ቢጋርደው፣ ዓይን የማይወጋ ብርሃን ቀኑን ሙሉ ይገባል።

የተሠራን ሕንፃ ማዞር አይቻልም፤ ይህን እናውቃለን። ግድግዳ መቀባት ግን ይቻላል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግድግዳው «ቆሻሻ ይችላል» ተብሎ እስከ አንገት ድረስ በጥቁር አረንጓዴ የዘይት ቀለም ይቀባል። ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል። ኮርኒሱና የግድግዳው የላይኛው ክፍል በኖራ ነጭ ሲደረግ ግን ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ተመልሶ ወደ ውስጠኛው ረድፍ ይደርሳል። በአንድ ከረጢት ኖራና በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው።

የጋንዶ ትምህርት ቤት

ከአፍሪካ ምሳሌ ስንፈልግ የቡርኪና ፋሶን የጋንዶ መንደር ሳንጠቅስ አናልፍም። ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ የዚያች መንደር ተወላጅ ነው። በልጅነቱ በመንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ርቆ መሄድ ነበረበት። በኋላም በርሊን ውስጥ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ባለ 3 ክፍል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነደፈ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። ኬሬ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

ሽልማቱ ይቆየንና አሠራሩን እንይ። ግድግዳው ከአካባቢው አፈር በጥቂት ሲሚንቶ ተጠናክሮ ከተመታ ጡብ ነው። ከክፍሉ በላይም በሸክላው መሐል አየር ማሳለፊያ ያለው ኮርኒስ አለ። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ጋር አልተያያዘም፤ በብረት ዘንግ ተደግፎ ከፍ ብሎ ለብቻው ቆሟል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው በመካከሉ የሚያልፈው ነፋስ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ ከክፍሉ የሞቀውም አየር በኮርኒሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በመስኮቶቹ ይገባል። ስለዚህ ማራገቢያ አያስፈልግም። ቆርቆሮ በቀጥታ የተመታበት ክፍል ውስጥ በአፋር፣ በጋምቤላ ወይም በመተማ በቀትር የተቀመጠ ሰው የዚህን ጥቅም ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከዚህ በላይ ግን እኛን የማረከን ሌላ ነው። ሕንፃውን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ በጭቃ ለመሥራት አልወደዱም ነበር፤ ጭቃ የድህነት ምልክት መስሎ ታይቷቸው ነው። ይህ ስሜት በእኛም አገር የታወቀ ነው፤ ብሎኬት ሲባል ልብ ይሞቃል፣ ጭቃ ሲባል ይቀዘቅዛል። ሠርተው ሲያዩት ግን አሳባቸውን ለወጡ። የራሱን አፈር ረግጦ፣ ጡቡን መትቶ የሠራ ሰው ሲሰነጠቅም እንዴት እንደሚጠገን ያውቃል። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ ግን ከሩቅ ባለሙያ መጠበቅ ነው።

ይህን ስንል ጥንታዊውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። ጎጆ ቤት ከአካባቢው እንጨት፣ ጭቃና ሣር በመሠራቱ፣ ሌሊት ሙቀት በመያዙ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጭስ መውጫ ስለሌለው የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ የጎዳ ቤት ነው። መልካሙን ወስዶ ሌላውን መጣል ያስፈልጋል።

ርቀትና ምቾት

ስለ ከተማ ሕንፃዎች በአጭሩ። በአሜሪካ አገር ሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው ባለ 6 ፎቅ የቡሊት ሴንተር ሕንፃ ሲነደፍ ደረጃው በመንገዱ በኩል፣ በመስተዋት ተከቦ፣ ከተማውንና ተራሮቹን እያሳየ እንዲወጣ ተደረገ። አሳንሰሩ ከኋላ ሆነ። የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደረጃውን ነው፤ ስለዚህ በእግሩ ይወጣል። በብዙ የእኛ ከተሞች ፎቆች ግን ደረጃው በጨለማ ጥግ ተደብቆ፣ አሳንሰሩ በዕብነ በረድ ያሸበርቃል። በነገራችን ላይ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቆሻሻውን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡ ሽንት ቤቶች ተገጥመው ነበር፤ ለመንከባከብ ስላስቸገሩ በኋላ በሌላ ዓይነት ተተክተዋል። እጅግ የታሰበበት ሕንፃም ሁሉ ነገሩ አይሳካለትም ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብና በግ ለማረድ የሚሆኑ የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። አሳቡ ከእኛው አኗኗር የተነሣ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። በአንዳንዱ ግቢ ለታሰበለት ሥራ ሲውል በሌላው ተቆልፎ ወይም ለሌላ ነገር ተሰጥቶ ቀርቷል። ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ፣ ተራ መጠበቅ፣ ጽዳቱ የማን እንደሆነ አለመታወቁ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው። ርቀት ትልቅ ነገር ነው። የቆሻሻ መጣያውም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። በርሚሉ ዓይን እንዳያስቀይም ተብሎ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ይቀመጣል። ልጆቹ ቆሎና ብስኩት የሚበሉት ግን ከሱቁ ደጃፍና ከዛፉ ጥላ ሥር ነው። በርሚሉ ሰው ወዳለበት መሄድ አለበት እንጂ ሰው ወደ በርሚሉ አይሄድም።

የበርሚሉ አፍም ይናገራል። ደፊና ቨርጀስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የጠርሙስ መሰብሰቢያው ክዳን በጠርሙስ ልክ ክብ ቀዳዳ ሲደረግለት እዚያ የሚገባው ጠርሙስና ቆርቆሮ በ34 ከመቶ ጨመረ፤ በስህተት የሚገባው ሌላ ቆሻሻ ደግሞ በ95 ከመቶ ቀነሰ። ምንም ስብሰባ አልተደረገም፤ ቀዳዳው ብቻ ተለወጠ። በእኛ ግቢ የሃይላንድ ጠርሙስ ልክ የሆነ ቀዳዳ በክዳን ላይ መቁረጥ ለእንጨትና ብረት ሥራ ክፍል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የተሰበሰበውን ቆራሌው ይገዛዋል፤ ገንዘቡም ለሳሙና ይውላል።

አንድ ተቃውሞ

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ተከራክረውናል። «ሕንፃው ሁሉን ነገር ካደረገለት ልጁ መቼ ያስባል? ሰው ሲወጣ በራሱ የሚጠፋ መብራት ያለበት ክፍል ውስጥ ያደገ ልጅ ቤቱ ሲሄድ መብራት ማጥፋት አያውቅም» ብለዋል። ነገሩ ውሃ ያነሣል። ለሆስፒታልና ለመሥሪያ ቤት በራሱ የሚሠራው ይሻል ይሆናል። ለትምህርት ቤት ግን እኛ የምንመርጠው ሥራውን የሚያሳይ አሠራር ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ የ3 ክፍሎች ጣራ 192 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር የዘነበ ዕለት 1,920 ሊትር ይወርድበታል። አንድ አምስተኛው በፍንጣቂና በመሳሰለው ቢጠፋ እንኳ ከ1,500 ሊትር በላይ፣ ማለትም ከ75 ጀሪካን በላይ ይቀራል። ይህ ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ይገባል። ሮቶው ግን የማያሳይ ነው፤ ልጁ ምን ያህል እንዳለው አያውቅም። በውስጡ ተንሳፋፊ ነገር ይደረግ፤ ከተንሳፋፊው ገመድ ይታሰር፤ ገመዱ በአናቱ ወጥቶ በውጭ በኩል ጫፉ ላይ ድንጋይ ይንጠልጠልበት። ውሃው ሲቀንስ ድንጋዩ ከፍ ይላል፤ ሲሞላ ዝቅ ይላል። ከጎኑ በቀለም መስመር ይሰመር። አሁን የ3ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ በመጋቢት ውስጥ ድንጋዩን አይቶ «ለችግኙ ሦስት ሳምንት የሚበቃ አለን» ብሎ ማስላት ይችላል። ሕንፃው በልጁ ፋንታ አላሰበም፤ የሚያስብበትን ነገር ከፊቱ አቀረበለት እንጂ።

የሚሠራ ሥራ

ለልምምድ ትምህርት ወደየተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንሄድ የሚከተለውን እንድትሞክሩ እንጋብዛለን። ለማንም ሳትናገሩ፣ ማንንም ሳትቆጡ፣ ለ5 የትምህርት ቀናት በረፍት ሰዓት አንድ ቦታ መርጣችሁ ቁሙ፤ ቧንቧው ዘንድ፣ በርሚሉ ዘንድ ወይም ከክፍሉ በር። ስንት ልጅ እንደተጠቀመ፣ ስንቱ እንደዘጋ፣ ስንቱ እንደተወ ቁጠሩ። የልጆቹን ስም አትጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የቧንቧዋን ጎማ፣ የበርሚሉን ቦታ ወይም ከቧንቧው ሥር አንድ ድንጋይ መቆሚያ ማድረግ ሊሆን ይችላል። ለውጡን ለተማሪዎቹ አታስታውቁ። እንደገና 5 ቀን ቁጠሩ።

ሁለቱን ቁጥሮች፣ የለወጣችሁትን ነገርና ያወጣችሁትን ገንዘብ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን በተተወው ባዶ ቦታ ላይ ለጥፉልን። ምንም ለውጥ ያልታየበትም ይለጠፍ።